ካቻቢቴውን አስቀምጡትና እንነጋገር

ተማክራችሁ ነው እንዴ? በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ የበር ሽፋን፣ ክሊፕ፣ የውስጥ ፕላስቲክ፣ እና እነዚያ ሰዉ ሁሉ የሚያወራላቸው የፕላስቲክ መፈልቀቂያዎች። ስለዚህ የሞተሩንና የማርሹን ጥያቄ ለሚቀጥለው አሳድሬ እነዚህን በአንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። የነዳጅ ፓምፕ የጠየቃችሁኝ ታገሱኝ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የቪትዜ የሾፌር በኩል መስታወት ወርዶ አልወጣ አለኝ። ሽፋኑን ራሴ ልፍታው ብዬ ጠዋት ተነሥቼ በካቻቢቴ ስፈለቅቀው ክሊፖቹ ተሰባበሩ፣ ሽፋኑ ተሰነጠቀ፣ የበሩ ጠርዝ ላይም ቀለሙ ተነሣ። ጓደኛዬ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቢኖርህ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ይለኛል። መካኒኩ ደግሞ ፕላስቲኩ አርጅቶ ነው አለኝ። ማንን ልመን?» — ከደብረ ብርሃን

ጓደኛህ ግማሽ እውነት ይዟል። ቀለሙን ያነሣው ካቻቢቴው ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። የካቻቢቴ ጫፍ ጠባብ ነው፣ ብረትም ነው፤ የምትጭነው ኃይል ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ሰፊ ነው፣ ከበሩ ብረትም ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ከተሳሳትክ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ራሱ ነው። በነገራችን ላይ የተነሣውን ቦታ ዛሬ ነገ ሳትል ፕራይመርና ቀለም አስነካው። የበር ጠርዝ ላይ ዝገት የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቷ ጭረት ነው።

ክሊፖቹንና ሽፋኑን የሰበረው ግን አፈታቱ ነው። ጠዋት ነው ያልከኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት! ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ መታጠፍ ይተዋል፣ ቀጥታ ይሰበራል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመህ፣ ሌሎቹን መስታወቶች ዘግተህ፣ ረፋዱ ላይ ብትጀምር ያው ክሊፕ ሳይሰበር ይወጣልህ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄዬ ደግሞ፣ ብሎኖቹን ሁሉ አውጥተህ ነበር ወይ?

የበር ሽፋን በሁለት ነገር ነው የሚያዘው፣ በብሎንና በክሊፕ፤ ብሎኖቹ ደግሞ የተደበቁ ናቸው። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ላይ አንዱ ብዙ ጊዜ ከውስጥ መክፈቻው እጀታ ጀርባ ነው፣ ትንሽ ክዳን ተደርጎበታል። ሌላው በሩን ስበህ የምትዘጋበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከስፖኪዮው ጀርባ ያለችው ባለ ሦስት ማዕዘን ሽፋን ቀድማ ትወጣለች፣ እሷ በክሊፕ ብቻ ናት የተያዘችው። የመስታወት ማውረጃ ቁልፎቹ ያሉበትንም ሳህን በጠባቧ መፈልቀቂያ ከጠርዙ አንሣና ሶኬቱን ንቀል። ሶኬቱ ላይ የምትጫን ምላስ አለች፤ እሷን ሳትጫን ሽቦውን ብትጎትት ሌላ ጣጣ ነው የምታመጣው። አንዲት ብሎን ከተረሳች የምትስበው ኃይል ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል፣ ፕላስቲኩ እዚያው ጋ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ «አርጅቶ ነው» ይባላል። እኔ እንደማየው ደግሞ አብዛኛው «አርጅቶ ነው» የሚባል ስብራት የተረሳ ብሎን ነው።

ብሎኖቹ ካለቁ በኋላ ከታች ጥግ ጀምር። ሰፊዋን መፈልቀቂያ በሽፋኑና በብረቱ መሀል አስገብተህ በጠርዙ አንሸራትታት። ገና አትፈልቅቅ። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ክሊፑ እዚያ ነው። አሁን ባለ ሹካዋን አምጣና የክሊፑን አንገት በሁለቱ ጥርሶች መሀል አግባ፣ ሰፊዋን ከሥር ደግፍባት፣ ከዚያ ቀጥ አድርገህ ወደ ራስህ ጫን። ጧ ብሎ ይወጣል። ይሄ ድምፅ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጥ። ደረቅ የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማህ ግን እጅህን አንሣና ብሎን ፈልግ። ክሊፕ በሌለበት ቦታ ላይ መፈልቀቅ ትርፉ ሽፋኑን ማጣመም ነው፤ በእጅህ ስትስብም ክሊፑ አጠገብ ይዘህ ሳብ እንጂ ጥጉን ይዘህ አትንጠልጠልበት።

ታችና ጎን ሲለቅ ሽፋኑን ወደ ራስህ አትጎትት፣ ወደ ላይ አንሣው። ላይኛው ከንፈሩ መስታወቱ ሥር ያለው ብረት ላይ የተሰቀለ ነው። ስትመልሰውም እንደዚያው መጀመሪያ ትሰቅለዋለህ። ከመመለስህ በፊት በሩ ላይ የቀሩትን ክሊፖች ነቅለህ ሽፋኑ ላይ ባሉት ቤታቸው ውስጥ አስገባቸው፣ ከቀዳዳቸው ትይዩ መሆናቸውን አንድ በአንድ በዓይንህ እይ፣ ከዚያ በመዳፍህ መታ መታ አድርግ። አልገባም ካለህ ጎንበስ ብለህ እየው፣ ተጣሞ ይሆናል፤ በቡጢ አይሆንም።

አዲስ ክሊፕ ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄድ የተሰበረውን በኪስህ ይዘህ ሂድ። «የቪትዝ በር ክሊፕ» ብትል የሚሰጥህ ሰው ሞልቷል፣ ግን የሚገጥመው እሱ ላይሆን ይችላል። ሁለት ልክ አለው፤ የበሩ ቀዳዳ ስፋት፣ ብዙ ጊዜ 7፣ 8 ወይም 10 ሚሊ፣ እና ሽፋኑ ላይ ያለው ቤት የሚይዘው የራሱ ስፋት። ቀዳዳው ላይ ላላ የሚለውን ከገዛህ ኮብልስቶን ላይ በወጣህ ቁጥር በሩ ይንቀጫቀጭብሃል። የቶዮታ ኦሪጅናል ከሆነ የክሊፕ ቁጥሩ በ90467 ይጀምራል፣ ከረጢቱ ላይ እየው። ትርፍ ግዛ፣ ሁሌም አንድ ሁለት ይጠፋል።

«ሰላም፣ ለገና ወደ አዲስ አበባ እገባለሁ። ወንድሜ ትንሽ ጋራዥ ከፍቷል፣ የመፈልቀቂያ ስብስብ አምጪልኝ ብሎኛል። እዚህ ሱቅ ውስጥ አምስት ቁራጭ ያለውም፣ በደርዘን የሚቆጠር ቁራጭ ያለውም አየሁ። የትኛውን ልግዛ?» — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

በቁጥሩ አትሸወጂ። ትልቁን ስብስብ ከከፈትሽው ግማሹ ያው ቅርጽ በተለያየ መጠን ነው። ወንድምሽ በየቀኑ የሚያነሣቸው አራት ናቸው፤ ሰፊና ሳሳ ያለች አንድ፣ ጠባብ ሽብልቅ አንድ፣ ባለ ሹካ ጫፍ አንድ፣ ጫፏ ቆልመም ያለች አንድ። ቀለማቸው ሰማያዊ ሆነ ብርቱካንማ ለውጥ የለውም። ለውጥ ያለው የተሠሩበት ነገር ነው። ማሸጊያው ላይ ናይለን ከመስታወት ክር (ፋይበርግላስ) ጋር የተቀላቀለ እንደሆነ የሚገልጽ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፤ ጠንከር ይላል፣ ጫፉ ቶሎ አይጠፋም። በእጅሽ ስትጫኚው ወዲያው የሚተጣጠፍ ከሆነ ተይው፤ እሱ ክሊፕ ሳያወጣ ራሱ ያልቃል።

ከዚያ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ነገር ጨምሪለት። አንደኛው የክሊፕ ፒንሳ ነው፤ አፉ ወደ ጎን የታጠፈና ክሊፑን ከሁለት በኩል አቅፎ የሚያነሣ። ሁለተኛው ጥቁር የቡቲል ማጣበቂያ ጥቅልል፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላይ ታዪዋለሽ። የተደባለቀ የክሊፕ ሳጥን ልግዛለት ካልሽ ደግሞ በመጀመሪያ ደውለሽ ምን ዓይነት መኪና እንደሚበዛበት ጠይቂው። አዲስ አበባ ላይ ቶዮታ በሚበዛበት ጋራዥ የአሜሪካ መኪና ክሊፕ ሳጥን ሙሉ ቢኖር ምን ይጠቅማል? ሻንጣው ውስጥ አድርጊው እንጂ በእጅ ቦርሳ አትያዢ፣ ፍተሻው ላይ ጭቅጭቅ ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ ይሄን ለምታነቡ፣ ስብስብ ከሌላችሁ ሥራው አይቆምም። ጠንካራ እንጨት፣ ወይራ ከሆነ ደግ ነው፣ በሽብልቅ ቅርጽ ተጠርቦ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ ብዙ በር ይከፍታል። ያለፈበት የባንክ ካርድም ለሳሳ ክፍተት ጥሩ ነው። ማንኪያ ግን ብረት ነው፤ በጨርቅ ብትጠቀልሉትም ጨርቁ ይሸሻል።

«እንደምን ሰነበትክ። ባለፈው ዓመት ስፒከር አስገጥሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር በተሳፋሪ በኩል ምንጣፉ ይረጥባል፣ መኪናው ውስጥ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የበሩን ጎማ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ስፒከሩ ምን አገባው ይሉኛል።» — ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት

በጣም ያገባዋል እንጂ! ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጤነኛ ነው። መስታወቱን ታኮ የሚወርደው ዝናብ ጎማውን አልፎ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ተሳፋሪው ጋ እንዳይደርስ የሚከለክለው ከበሩ ሽፋን ጀርባ፣ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈች አንዲት የፕላስቲክ ወረቀት ናት። ስፒከር የሚገጥም ሰው ቸኩሎ ይቀዳታል፣ ወይም በምላጭ ይከፍታታል፣ ሲጨርስ ሽፋኑን መልሶ ይዘጋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ሽፋኑ ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ምንጣፍ።

ሽፋኑን ከላይ ለደብረ ብርሃኑ ወንድማችን በነገርኩት መንገድ አውርደው። ወረቀቷን እያት። የተቀደደችው ትንሽ ከሆነ በቡቲል ማጣበቂያና በቁራጭ ፕላስቲክ ትጠገናለች። ሰፊ ከሆነ ለግንባታ የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ በአሮጌዋ ልክ ቁረጥ። አንድ ነገር ልብ በል፤ የወረቀቷ የታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መግባት አለበት፣ ውሃው በላይዋ ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ እንዲወድቅ። ከውጭ በኩል ከለጠፍከው የሠራኸው ውሃ ወደ ምንጣፍ የሚመራ ቦይ ነው። ሲሊኮን አትጠቀም፣ በተለይ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን፤ ብረት ያዝጋል፣ ሌላ ጊዜ ስትከፍተውም አይለቅም።

ሙጫውን ስትለያይ ሰፊዋን መፈልቀቂያ ተጠቀም፣ ቀስ ብለህ ከሙጫው ሥር እየገፋህ። ምላጭ አታስጠጋ። ሙጫው ከደረቀ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። የበሩን የታች ቀዳዳዎችም በጠባቧ ጫፍ ጥረጋቸው፣ ጭቃና ቅጠል ሞልቶባቸው ከሆነ በሩ ውሃ አቁሮ ከሥር ይበሰብሳል። ሽፋኑን ከመመለስህ በፊት ሰው ከውጭ መስታወቱ ላይ በጆግ ውሃ ያፍስልህና አንተ ከውስጥ ተቀምጠህ እይ። ወረቀቷ ደርቃ ውሃው በታች ቀዳዳዎቹ ከወጣ ጨርሰሃል። ወረቀቷ ደህና ሆና ምንጣፉ አሁንም ከረጠበ ጉዳዩ የበር አይደለም፤ የፊት መስታወቱን ማሸጊያና የአየር ማቀዝቀዣውን የውሃ መውጫ ተመልከት።

«የኮሮላ ዲኤክስ የመስታወት ማዞሪያው እጀታ ብሎን የለውም። በምንድነው የሚፈታው? በመፈልቀቂያ ስሞክረው አልሆነም።» — ከባሕር ዳር

አይሆንምም። እጀታው ከጀርባው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባላት ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ ነው የተያዘው። መፈልቀቂያህን አስቀምጥና ጨርቅ አምጣ፤ አሮጌ የአንሶላ ቅዳጅ ይበቃል። ጨርቁን በእጀታውና በሽፋኑ መሀል አስገባ፣ ሁለቱን ጫፍ ያዝ፣ ከዚያ ጫማ እንደሚወለውል ልጅ ወዲህና ወዲያ ሳብ። ጨርቁ የስፕሪንጓን ጫፍ ይይዛትና ተፈናጥራ ትወጣለች። ሌላኛው እጅህን ወይም ጨርቅ ከላይ ጋርድ፣ አለበለዚያ የት እንደገባች አታገኛትም። ስትመልስ ስፕሪንጓን መጀመሪያ እጀታው ላይ ትሰካታለህ፣ ከዚያ እጀታውን በመዳፍህ መታ።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የስልሳዎቹ ሞዴል ቮልስ አለኝ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ቀለም ላስቀባው ነው። በጎንና በኮፈኑ ላይ ያሉትን የብር መስመሮች ባትላሜራው በካቻቢቴ ላንሣቸው ይላል፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ። የበሩ የውስጥ ካርቶንም እርጥበት በልቶታል።» — ከካዛንቺስ

ጋሼ፣ መፍራትዎ ልክ ነው። እነዚያ መስመሮች ስስ አሉሚኒየም ናቸው። አንዴ ከተቆለመሙ ቀጥ ቢደረጉም ቁልምማቱ ለዘላለም ያብለጨልጫል፣ ለቀለም የከፈሉትን ሁሉ እሱ ይበላዋል። ለባትላሜራው እንዲህ ይበሉት፤ ከመስመሩ በላይና በታች ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፣ ሊቀባም ቢሆን ብረቱ እንዳይጎዳ። ከዚያ ክሊፖቹ የት የት እንዳሉ ፈልግ፣ ሳሳ ያለ ፕላስቲክ ከመስመሩ ሥር ስታንሸራትት ይነግርሃል። አንሣው እያንዳንዱ ክሊፕ ጋ፣ ትንሽ ትንሽ፤ አንደኛው ጋ ሁለት ሚሊ፣ ቀጥሎ ሁለት ሚሊ፣ መጨረሻ ደርሶ መመለስ። ከአንድ ጫፍ ይዞ እንደ ፋሻ መላጥ የለም። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ባትላሜራው ከተጨቃጨቀ አንድ ነገር ያስቡ፤ እሱ ቀለም ቀብቶ ይሄዳል፣ መስመሩን በገበያ የሚፈልጉት እርስዎ ነዎት። ለቮልስ አዲስ የተሠራ መስመር ከውጭ ይመጣል፣ ግን የድሮውን ያህል አይከብድም፣ አይገጥምምም ብዙ ጊዜ። ክሊፖቹን ግን አዲስ ይግዙ። የድሮዎቹ ብረት ናቸው፣ ይዝጋሉ፣ ዝገታቸው አዲሱን ቀለም ከቀዳዳው ጀምሮ ይበላዋል። ከመግጠምዎ በፊት እያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቀለም መድረሱን ያረጋግጡ፤ ቀቢዎች ቀዳዳ ይዘላሉ።

የበሩ ካርቶን ላይ ደግሞ የምመክርዎ ተቃራኒውን ነው። እዚህ ጋ ፕላስቲኩ ብዙ አይረዳም። የቮልስ በር ሽፋን የተጨመቀ ካርቶን ነው፣ ክሊፖቹ ከጀርባው በተቆረጡ ቀዳዳዎች ውስጥ የተሰኩ የብረት ምላሶች ናቸው። በጠርዙ ይዘው ከሳቡት ክሊፑ በሩ ላይ ቀርቶ ካርቶኑ ይቀደዳል። ፕላስቲክ ሹካ ብዙ ጊዜ ወፍራም ስለሆነ ክሊፑ ሥር አይገባም። ስለዚህ ሳሳ ያለች የብረት ሹካ፣ ከሥሯ ቀለሙ ላይ የባንክ ካርድ ተነጥፎ፣ ክሊፑን ከሁለት በኩል ይዛ ትነሣለች። የመስታወት ማዞሪያው እጀታ እንደ ዓመቱ ይለያያል፤ የቀደሙት ላይ በትንሽ ፒን የተያዘ ነው፣ የኋለኞቹ ላይ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ሥር ብሎን አለ። አስቀድመው ይዩት።

እርጥበት የበላው ካርቶን አይጠገንም። አውጥተው ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው ቅርጹንና ቀዳዳዎቹን በአዲስ ስስ ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ላይ ይሳሉ፣ ከዚያ ቆርጠው ወደ ታፔሴሪያ ይውሰዱት። ከመሸፈኑ በፊት ጀርባውን ቫርኒሽ ይቀቡት። እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ደግሞ የሰሚቱን ጥያቄ መልስ ይመልከቱ፣ ያው ነው፤ ከካርቶኑ ጀርባ መኖር ያለባት ፕላስቲክ የለችም ማለት ነው።

«የፊት ጎማው ሥር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ተንጠልጥሎ ጎማ ይነካል። ክሊፖቹ ጥርስ የላቸው፣ ምን የላቸው፣ አንዱ ዝም ብሎ ይዞራል፣ አንዱ ወደ ውስጥ ይገባል። እንዴት ነው የሚወጡት?» — ከጎንደር

እነዚህ ባለ ሁለት አካል ክሊፖች ናቸው፣ መሀላቸው ላይ ፒን አለ። ችግሩ ሦስቱ ዓይነት አንድ መኪና ላይ ተደባልቀው መገኘታቸው ነው። መጀመሪያ በውሃና በብሩሽ እጠባቸው፣ በጭቃ የታፈነ ክሊፕ ዓይነቱ አይለይም።

መሀሉ ዙሪያው ላይ ትንሽ ክፍተት ካለው ፒኑን በጠባቧ ሽብልቅ ወደ ላይ አንሣው፣ ከዚያ መላው ክሊፕ ይለቃል። ክፍተት የሌለውና ለጥ ያለ ከሆነ የሚጫን ነው፤ በቀጭን ነገር ጥቂት ሚሊ ወደ ውስጥ ግፋው፣ አብዝተህ ከገፋኸው ፒኑ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ይሄኛውን ስትመልስ ፒኑን አስቀድመህ ከጀርባ ገፍተህ ወደ ላይ አውጣው፣ ክሊፑን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ፒኑን ከገጹ እኩል እስኪሆን ጫን። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጠፋበት፣ ሳያወጣ ያስገባና «አልያዘም» ብሎ ይጥለዋል። ሦስተኛው የካቻቢቴ መስቀል ያለው ነው። እየዞረ አልወጣ ካለ ጥርሱ አልቋል፤ በአንድ እጅ እያዞርክ በሌላው እጅ ከራሱ ሥር በሳሳ መፈልቀቂያ ወደ ላይ ግፋው።

ለጊዜው ሽቦ አስሬበታለሁ ብለህ እንዳትተወው። መሪ ስታዞር ፕላስቲኩ ጎማው ላይ ይጠቀለላል።

«የኋላ በሩ ላይ ያለውን የሞዴል ጽሑፍ ማንሣት ፈልጌ ነበር።» — ከድሬዳዋ

አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ፀሐዩ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል። ቀትር ላይ ቆሞ ሙጫው ሲለሰልስ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከጽሑፉ ጀርባ አስገብተህ እንደ መጋዝ ሳብ። መፈልቀቂያው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከክሩ በኋላ። የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣትህ እያሸህ አንከባለው፣ ለቅሪቱ ነጭ ጋዝ በጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያው በሳሙና እጠበው። ቀለሙ ከፀሐይ ስለደበዘዘ የፊደሎቹ ጥላ ይቀራል። ለእሱ ፖሊሽ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም፣ አንዳንዴም አይጠፋም። ከማንሣትህ በፊት ይሄን እወቅ።

«ባለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ዳሽ ካሜራ ልገጥም ነው። ገመዱን ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ሽፋን ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል? ኤሌክትሪክ ስለሆነ ፈራሁ።» — ከአዲስ አበባ፣ አያት

በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ጥያቄ በዝቷል። ለከፍተኛው ቮልቴጅ ያለሽ ፍርሃት ቦታውን ስቷል እንጂ ልክ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድባቸው ገመዶች ብርቱካንማ ናቸው፣ የትኛውም ሽፋን ሥር ብርቱካንማ ገመድ ካየሽ መልሰሽ ዝጊና ለባለሙያ ስጪ። ምሰሶው ላይ ግን የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሽፋኑ ላይ «ኤስአርኤስ ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካለ ከጀርባው ተጣጥፎ የተቀመጠ ኤርባግ አለ። ነዳጅ ሆነ ኤሌክትሪክ፣ እዚያ ጋ መፈልቀቂያ አይገባም።

የግድ መነሣት ካለበት የ12 ቮልቱን ባትሪ ኔጌቲቭ ማላቀቅና መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቶዮታ በመመሪያው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፣ ያንቺ መኪና መመሪያ የራሱን ይነግርሻል። የኤሌክትሪክ መኪናም ያ ትንሽ ባትሪ አለው። የዚያ ምሰሶ ክሊፕ ብዙ ጊዜ ልዩ ነው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሽፋኑ ተወርውሮ ሰው እንዳይመታ ሽፋኑን በማሰሪያ አስሮ የሚይዝ። በተራ ክሊፕ ከተተካ ነገሩ አበቃ። ቢጫ ሶኬት ካየሽ ደግሞ አትንኪው፣ የኤርባግ ነው።

ለካሜራሽ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ገመዱን በጣሪያው ጨርቅና በመስታወቱ መሀል በሰፊዋ መፈልቀቂያ እየገፋሽ ወሽቂው። ምሰሶው ጋ ስትደርሺ በኤርባጉ ፊት ለፊት እንዳያልፍ በበሩ ጎማ ሥር አውርጂው። ጎማውን በእጅሽ ትስቢዋለሽ፣ ገመዱን ታስገቢያለሽ፣ ትመልሺዋለሽ። መሣሪያ እንኳን አይፈልግም። የክሩስኮቱ አንጸባራቂ ጥቁር ፕላስቲክ ጋ ስትደርሺ ብቻ ጠርዙ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፤ ናይለኑም ቢሆን እሱን ይጭረዋል።

«ሽፋኑ ላይ ክሊፑ የሚገባበት ቤት ራሱ ተሰበረ። በሱፐር ግሉ ብለጥፈው በሳምንቱ ለቀቀ። ምን ልጠቀም?» — ከአዳማ

ከመለጠፍህ በፊት የሽፋኑን ጀርባ አንብብ። በሁለት ማዕዘን ቅንፍ መሀል የፕላስቲኩ ዓይነት በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ፒፒ ከሆነ፣ ወይም በፒፒ የሚጀምር ከሆነ፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እሱ ላይ ተራ ሱፐር ግሉ አይዝም፣ የፈለገ ብራንድ ቢሆን። የበር ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። ኤቢኤስ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ የዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ስብርባሪ በአሴቶን አሟሟተህ እንደ ሊጥ ሲሆን ቀባው፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነካው ይድረቅ።

ለፒፒ የሚሆነው ማቅለጥ ነው። የተሰበረውን ቤት ቦታው ላይ ያዝ፣ የሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት መበየጃ ጠርዙን ከሽፋኑ ጋር እያቀለጥክ አያይዝ፣ ስስ የብረት ወንፊት ቁራጭ አሙቀህ በላዩ አስምጥበት፣ ከዚያ የፒፒ ቁራጭ እያቀለጥክ ድፈነው። ያልተሰበረ ሽፋን ላይ አትለማመድ፣ ከሌላ አሮጌ ፕላስቲክ ጀምር። መበየጃው ከልክ በላይ ከጋለ ወደ ፊት ለፊቱ ይበሳዋል፤ ከጀርባው እየሠራህ ገጹን በእጅህ እየዳሰስክ ሂድ፣ ሲሞቅ አቁመህ አቀዝቅዘው። ጭሱ ጥሩ አይደለም፣ ውጭ ሥራው። ክሊፑን ደግሞ ቀልጦ ሳይቀዘቅዝ አስገብተህ እንዳትሞክረው፣ እዚያው ይጣበቅና ሌላ ጊዜ ሽፋኑ ሲወርድ ቤቱን ይዞ ይወጣል።